ሳይታዘዝ የሚመታ ልብ

የብርጓል የባሏን የልብ ሕመም ያወቀችው በእግሩ በኩል ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ግን እንዲያ ነው የሆነው።

ጣሊያን ጎጃም በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በሰኔ ነው። ከአማኑኤል በላይ፣ ትልቁን መንገድ ትተው ዳገቱን ለግማሽ ቀን ሲወጡ በምትገኝ መንደር፣ አበረ ከእርሻ እያነከሰ መጣ። የአጋም እሾህ ተረከዙ ውስጥ ገብቶ ተሰብሮ ቀርቷል። የብርጓል ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እግሩን ጭኗ ላይ አኖረችና በወረንጦ ትፈልግ ጀመር። በግራ እጇ ቁርጭምጭሚቱን ይዛለች። ጣቷ ከአጥንቱ ኋላ ካለችው የደም ሥር ላይ አርፏል።

ትር፣ ትር፣ ትር ትላለች ሥሯ። ከዚያ አንዲት ትርታ ቸኩላ፣ ጊዜዋ ሳይደርስ፣ አንሳ ትመጣለች። ከዚያ ዝም ይላል። ዝምታው ረጅም ነው፤ ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቀው ዓይነት ነው። ከዝምታው ቀጥላ የምትመጣዋ ደግሞ እንደ ዱላ ጠንክራ ትመታለች። እንደገና ትር፣ ትር፣ ትር።

ወረንጦውን አስቀመጠችው።

«አንተ፣ ደምህ ይዘላል።»

«ፍየል አደረግሽው? እሾሁን አውጪልኝ፤ በሬዎቹ ከነቀንበራቸው ቆመዋል» አላት።

እሾሁ ወጣ፤ ነገሩም በዚያው ተረሳ። እሱ ነው የረሳው። እሷ አልረሳችም። ከዚያን ቀን ወዲህ እጁን ስታስታጥበውም፣ ራሱን ቅቤ ስትቀባውም፣ ጣቷ ሳታዝዘው የደም ሥሩን ይፈልግ ነበር።

የብርጓል የዲማ ሰው ናት። አባቷ እዚያው ደብር በቅዳሴ ያገለግሉ ነበር፤ ለአበረ የተዳረችው ገና ጡቷ ሳያጎጠጉጥ ነው። ሁለት ልጅ ወልዳ ሁለቱንም በአንድ የኩፍኝ ዘመን ቀብራለች። ከዚያ ወዲህ ማሕፀኗ ዝም አለ። ሌላ ባል ቢሆን ወይ ይፈታት ወይ ይደርብባት ነበር። አበረ ግን፣ እናቱ እማማ ወለተ ኪዳን ጉዳዩን ባነሡ ቁጥር፣ «እማማ፣ አንዷን መቼ ቻልኳትና!» ብሎ በሳቅ ያልፈው ነበር። ሳቁ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። በሰው ፊት «አንቱ» ትለዋለች፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ደግሞ «አንተ»። ያቺ «አንተ» የሁለቱ ብቻ ነበረች። እንግዲህ በዚህ ዓለም ላይ ያላት እሱ ነው። ሌላ የላትም።

በታኅሣሥ አውድማ ላይ ወደቀ።

ጤፉን እያበራዩ ነበር። መንሹን ይዞ አንዱን ጎረቤት ሲቀልድበት፣ ቃሉን ሳይጨርስ ተዘረረ። «ክብሪት! ክብሪት!» ተባለ። የሚጥል በሽታ ነው ብለው ክብሪት ጭረው በአፍንጫው ሥር አጠኑት። የብርጓል ሮጣ ደርሳ ፊቱን አየች። አመድ መስሏል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ግን አረፋ አልደፈቀም፤ ጥርሱን አልነከሰም፤ እጅ እግሩም አልተንፈራገጠም። የሚጥል በሽታ እንዴት እንደሚጥል ታውቃለች፤ አንዲት የአክስቷ ልጅ ነበረባት። ይሄ ያ አይደለም። ሁለተኛው ክብሪት ሳይጫር ደም ወደ ፊቱ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ጉንጩ ቀላ፤ ዓይኑን ገለጠ።

«እናንተ፣ ፂሜን ልታነዱት ነው?» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። «ክብሪቱ መለሰው» ተባለ።

እማማ ወለተ ኪዳን ግን አልሳቁም። «ልጄን ጋኔን አይጥለውም። ኮሶ ነው። ትሉ ሽቅብ ወጥቶ ልቡን እየጎሸመው ነው» አሉ።

የእማማ ወለተ ኪዳን ኮሶ በዚያ አገር የታወቀ ነበር። ከቤቱ ኋላ ያለችው የኮሶ ዛፍ በእጃቸው የተከሏት ናት። አበባዋ ሲቀላ ያወርዱታል፤ ጥላ ውስጥ ያደርቁታል፤ በገዛ እጃቸው ይወቅጡታል። ወቃጭዋ ሌላ ሴት፣ ቀጂዋ ሌላ ሴት ከሆነች ኮሶው አይሠራም ይባል ስለነበር፣ ጽዋውን የሚያቀብሉትም ራሳቸው ናቸው። ቁርጥ የሚበላ አገር ያለ ኮሶ አይኖርም፤ ሰው በየሁለት ወሩ ይጠጣል፤ የጠጣ ቀን ሥራ አይታዘዝም፤ እንግዳ አይቀበልም። ማንም ቅር አይለውም።

የገና በዓል እንዳለፈ አጠጡት። ሆዱን ቀኑን ሙሉ ሲያጥበው ዋለ፤ ትሉም ወጣ፤ እማማ በእንጨት ገልብጠው አይተው ረኩ። ከሰዓት በኋላ ግን አበረ ከጓሮ ሲመለስ ወደቀ። ተነሥቶ ሳይቀመጥ ደግሞ ወደቀ። የብርጓል ጣቷን አንጓው ላይ አኖረች። ያቺ ቸኳይዋ ትርታ አሁን በየመካከሉ ናት፤ አንዲት ደህና፣ አንዲት ቸኳይ፣ አንዲት ደህና፣ አንዲት ቸኳይ። በማግሥቱ በልቶ ጠጥቶ ሲበረታ ጋብ አለ። በፋሲካ ሳምንት እማማ ደገሙለት፤ እንደገና ወደቀ።

«እማማ፣ ከኮሶው ቀጥሎ ነው የሚወድቁት» አለች የብርጓል።

«አንቺ ልጅ፣ ኮሶ ሲወጣ ይታገላል። ሳይታገል የሚወጣ ጠላት የት አየሽ?» አሏት።

በዚያ ጊዜ ጣሊያኖቹ ደብረ ማርቆስ ላይ ሕክምና ከፍተዋል። ዓይኗ የታመመ አንዲት ሴት ተደብቃ ሄዳ ድና መጥታለች፤ ሹክሹክታው በሴቱ መካከል ነበረ። ሌላም ሹክሹክታ ነበረ፤ እሱ የወንዶቹ ነው። ፈረንጁ ሐኪም ነጭ ክኒን እየሰጠ «ኮሶ አትጠጡ» ይላል፤ አገሬውን በትል አስበልቶ ሊያመነምነው ነው፤ ስለዚህ ኮሶ እምቢ ያለ ሰው ካያችሁ ከጣሊያን ደጅ የመጣ ነው። ይህን የሚሉት አርበኞቹ ናቸው። ለማለትም ምክንያት ነበራቸው፤ ከታች ባለው ቀበሌ አንድ ሰው የእህል ጉድጓድ ጠቁሞ ሦስት ቤት ከነሰዉ ተቃጥሏል። ጠቋሚው ተብሎ የተያዘው ሰው ከማርቆስ ሲመለስ ነው የተገኘው። በዚያው በመንገዱ ዳር ገደሉት። እውነት እሱ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

አበረ ራሱ ለአርበኛ ስንቅ ያቀብላል፤ ሲጠሩትም ጠመንጃውን ይዞ ይወጣል። የአርበኞቹ አለቃ እንዳላማው የአጎቱ ልጅ ነው፤ አብረው ነው ያደጉት።

«ከምሞት ባንዳ ልባል?» አላት፣ የብርጓል የሕክምናውን ነገር ስታነሣበት።

«ማን ያይሃል? ለማርቆስ ንግሥ ነው የምንሄደው። ስለት አለብን።»

«ስለት አለብን? መቼ የተሳልነው?»

«አሁን ተሳልኩ። ‹ባሌን ያትርፍልኝ፣ ጧፍ አስገባለሁ› አልኩ። እንዴት አድርጎ ውሸት ይሆናል?»

ያንን ሳቁን ሳቀ። ሄዱም።

ንግሡ እንደ ድሮው አልነበረም። በከተማው መግቢያ ላይ እንጨት ተተክሎ ሁለት ሰዎች ተሰቅለውበታል፤ ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ያልፋል። ጧፉን አስገቡ፤ ቃሏን ፈጸመች። ከዚያ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ባሏን ከኋላዋ አስከትላ ወደ ሕክምናው ግቢ ገባች።

ሐኪሙ ቀጭን፣ ከእንቅልፍ ማጣት ዓይኑ የቀላ ፈረንጅ ነበር። ሰላም አላለም፤ አልተቆጣምም። አስተርጓሚው አስማማው ይባላል። ዲማ ቅኔ የቆጠረ፣ ኋላ ምጽዋ ወርዶ ጣሊያንኛ የለመደ ሰው ነው። የብርጓል አፏን ስትከፍት በአነጋገሯ አወቃት።

«የዲማ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«ነበርኩ» አለችው።

እሱም አቀረቀረ። ሁለቱም እዚያ ቤት ውስጥ መታየት አልፈለጉም።

ሐኪሙ አበረን አጋድሞ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አኖረ፤ በሌላ እጁ አንጓውን ያዘ። በጣም ቆየ። ከዚያ ጥቂት ተናገረ።

«እንዲህ ይላል» አለ አስማማው። «ልብ የላይ ቤትና የታች ቤት አለው። ትእዛዝ የሚወጣው ከላይ ቤት ነው። የታቹ ትእዛዙን ሰምቶ ይመታል፤ ደሙን ወደ ሰውነት የሚገፋው እሱ ነው። ያንተ የታቹ ግን አንዳንድ ጊዜ ትእዛዝ ሳይጠብቅ በገዛ ሥልጣኑ ይመታል። ጊዜው ሳይደርስ ስለሚመታ የሚገፋው ደም አይኖረውም፤ ለዚያ ነው ትርታው የሚያንሰው። ከዚያ ያርፋል። ሲያርፍ ይሞላል። የሞላው ሲመታ ነው እንደ ዱላ የሚሰማህ።»

«ይሄን ሁሉ አለ? እኔ የሰማሁት ሁለት ቃል ነው» አለ አበረ።

«የፈረንጅ ቃል ደረቅ ነው ወንድሜ። ሳላርሰው አይወርድልህም።»

«እንግዲያው ልቤም ሸፍቷል በለኛ!»

አስማማው ያቺን አልተረጎማትም። ወደ በሩ አየ።

ሐኪሙ የብርጓልን በእጁ ጠራት። ጆሮዋን ከባሏ ደረት ላይ አስደገፋት፤ ጣቷን አንጓው ላይ አኖረላት። በጆሮዋ ትሰማለች፤ በጣቷ ትቆጥራለች። ቸኳይዋ ስትመጣ ደረቱ ውስጥ ኮሽ ትላለች፤ አንጓው ላይ ግን አትደርስም። የብርጓል ቀና ብላ «ከቤት ወጥታ መንገድ የምትቀር አለች» አለች። አስማማው ሲተረጉመው ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አያት።

«አንድ አንዷን ስትሰሚ አትደንግጪ ይልሻል» አለ አስማማው። «ጤነኛ ሰውም ላይ አንዳንዴ ትመጣለች። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ተጣብቀው ሲመጡ ነው የሚያስፈራው። ከዚያ ሲብስ ደረቱ ይጋልባል። አንጓው ላይ ግን ወይ ቀጥኖ ታገኚዋለሽ፣ ወይ ጭራሽ ታጪዋለሽ። ፊቱ አመድ ይሆናል፤ ቀዝቃዛ ላብ ያልበዋል።»

«ዳገት ሲወጡም ይጋልብ የለ? ሲደነግጡስ? በምን ልለየው?»

«ከሩጫና ከድንጋጤ የመጣ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ይሄኛው ግን በር በርግዶ እንደሚገባ ሰው ነው። ድንገት መጥቶ ድንገት ይሄዳል።»

«በዚያ ጊዜ ምን ላድርግ?»

ሐኪሙ አጭር መለሰ። አስማማውም በዚህኛው ላይ ምንም አልጨመረበትም። «አስተኝው። እግሩን ከፍ አድርጊ።»

«ከዚያስ?»

ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ፤ የሚተረጎም ነገር አልነበረውም።

በምን እንደሚነሣበት ጠየቃት። ከኮሶ ቀጥሎ መሆኑን ነገረችው። ሐኪሙ እጁን አወናጨፈ። ኮሶ ሆድ ሲያጥብ የሰውነትን ጨው ይዞ ይወጣል፤ እንዲህ ያለ ልብ ያለዚያ ጨው አይጸናም፤ ዳግመኛ እንዳይጠጣ አለ። ለክረምቱ የሚበቃ መራራ ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣቸው። እዚያው ይተኛ ቢልም አበረ አሻፈረኝ አለ። በአጥሩ ማዶ እስረኞች ሰንሰለታቸው እየተንቃጨለ ሲያልፉ ሰምቷል።

አስማማው እስከ በሩ ሸኛቸው። «እትዬ፣ ሰው ቢጠይቅሽ ይህን ቤት አታውቂውም። እኔንም አላየሽኝም» አላት።

ክረምቱ ደግ ነበር። ክኒኖቹን ተልባ ውስጥ ቀብራ በየማለዳው አንዷን ትሰጠዋለች። መውደቁ ቀረ። ቸኳይዋ ትርታ አለች፤ ግን ብቻዋን ናት፤ እንደ ብቸኛ እንግዳ መጥታ ትሄዳለች። በሐምሌ እማማ ኮሶ ባቀረቡለት ጊዜ አበረ ዋንጫውን ይዞ «ከጓሮ ልጠጣው፣ ሽታው ያጥወለውለኛል» ብሎ ወጥቶ ዱባው ሥር ደፋው። ፊቱን አጨማዶ ሲመለስ እውነት የጠጣ ይመስል ነበር። የብርጓል ከሳቋ ጋር ስትታገል ወደ ጓዳ ገባች።

«ትሉ የታለ?» አሉ እማማ ማምሻውን።

«ዶሮ ወሰደችው።»

«የትኛዋ ዶሮ?»

«ቀይዋ።»

እማማ ቀይዋን ዶሮ ለብዙ ቀን በጥርጣሬ ያዩዋት ነበር። ያቺ ክረምት ለየብርጓል የትዳሯ ሁሉ ማር ነበረች። ኋላ ስታስታውስ ያቺን ክረምት ብቻ ነበር የምትፈልገው።

ክኒኑ በመስቀል ሰሞን አለቀ። በጥቅምት እንዳላማው ሰዎቹን ይዞ መጣ። ወደ ቆላ ወርደው መንገድ ሊጠብቁ ነው፤ ጎዳናውን የሚመራው አበረ ነው። ሰንበቱን በሬ አርደው በሉ። እንዳላማው ደግሞ ሠራዊቱን በትል ሆድ አላወርድም አለ፤ ቆላ ወርዶ ሆዱን የሚያመው ሰው ሸክም ነው። «የአክስቴ የወለተ ኪዳን ኮሶ እያለ» አለ። እማማ ደስ አላቸው። ከጎረቤት ሙቀጫ ተዋሱና ሲወቅጡ ዋሉ።

የብርጓል ባሏን ከበረት ጀርባ አገኘችው። «ወደ ቁይ ገበያ ሂድ። በሬ ልሸጥ ነው በል።»

«መንገድ መሪ ሆኜ? ዘመቻው ሲቃረብ ገበያ የሄደ ሰው ምን ይባላል?»

«እኔ ልቅዳልህ። ያንተን ውኃ አበዛበታለሁ።»

«እማማ ጭልፋቸውን ለሰው አይሰጡም።»

እውነቱን ነው። ለምናም ነበር፤ እማማ «የኮሶ እጅ አንድ ነው» ብለው መልሰዋታል።

በማለዳ ሰዎቹ ግቢው ውስጥ በረድፍ ተቀመጡ። እማማ ከእንስራው እየቀዱ አንድ በአንድ ያድላሉ። ሲጠጣ ያላንገፈገፈው የለም።

«እማማ፣ ጣሊያንን ከዚህ አንዳንድ ዋንጫ ብናቀምሰው እኮ ነገ ሮማ ነበር!» አለ አንዱ።

«ምነው አንተን ቀድሞ ሮማ አደረሰህ፣ ገና ሳትውጠው ተነሣህ!» አለው ሌላው። ሳቁ።

ዋንጫው አበረ ጋ ደረሰ። «እኔ ሰሞኑን ጠጥቻለሁ፤ ለሌላው ስጡ» አለ።

እማማ ዋንጫውን እንደያዙ ቆሙ። ክፋት የላቸውም፤ ልጃቸውን ማጋለጣቸውን አላወቁም። «መቼ ልጄ? በሐምሌ እኮ ነው የጠጣኸው። ትሉም አልታየም። ከዚያ ወዲያ ስንት ቁርጥ በላህ?»

ሳቁ ቆመ። እንዳላማው የሚያኝከውን የጌሾ ቅጠል ተፋ።

«ወንድምዓለም» አለው ቀስ ብሎ፣ «ዘንድሮ ኮሶ የማይጠጣ ሰው የት ውሎ እንደመጣ ታውቃለህ።»

«ለማርቆስ ንግሥ ወርደው ነበር» አለ ከወደኋላ አንድ ድምፅ። «ሚስቱም አብራ ነበረች።»

«ስለት ነው» አለ አበረ።

«ስለት ደግ ነው። እኔ ስለ ስለቱ አልጠየቅኩህም።»

የእንዳላማው ሰዎች ባንድ ጊዜ ማንም እንዲህ አድርጉ ሳይላቸው ጠመንጃቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳቡ። በታች ቀበሌ ጠቋሚ ተብሎ የተገደለው ሰው እንዴት እንደተጠየቀ ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ነበር የተጀመረው፤ በቀስታ፣ በወንድምነት።

የብርጓል ከደጃፉ ወጣች። «እሳቸው አይጠጡም!» አለች። «ከኮሶ ቀጥሎ ነው ልባቸው የሚስት። ሁለቴ አይቻለሁ። ሦስተኛውን አይችሉትም።»

«ልቡ እንደሚስት ማን ነገረሽ?» አለ እንዳላማው። አልተቆጣም፤ እሱ ነው ያስፈራት።

ማን ነገረሽ? እሾህ ስታወጣ ጣቷ ነግሯታል። ግን «ይሞታል» የሚለውን፣ «አይድገም» የሚለውን የነገራት ማን ነው? የሐኪሙ ቀይ ዓይን ታያት። አስማማው ታያት። የተሰቀሉትም ታዩዋት፤ የታች ቀበሌውም ሰው።

«እኔ... በጣቴ አይቼ» አለች።

አንዱ ሳቀ። «በጣቷ የምታይ ሴት!»

«አንተ አትጠጣ!» አለች ወደ ባሏ ዞራ። በሰው ፊት። በአማቷ ፊት። ያቺ የሁለቱ ብቻ የነበረች ቃል ከሰው ሁሉ ፊት ወደቀች።

አበረ አያት። ምን እንዳሰበ ለማወቅ አያስቸግርም። እውነቱ ቢወጣ የሚጠፋው እሱ ብቻ አይሆንም፤ መንገዱን የመራችው እሷ ናት፤ ቤቱም ይነዳል፤ እናቱም ያያሉ። ከዚያም ሳቀ፤ ያ ከወንዝ ማዶ የሚሰማው ሳቁ ነው።

«ስለምትሳሳልኝ ነው፤ አትፍረዱባት። ትል እንኳ ቢወጣብኝ ትቀናለች» አለ። «እማማ፣ ያምጡት።»

ዋንጫውን እስከ አተላው ጠጣ። ከዚያ ገልብጦ ለእንዳላማው አሳየው። አንዲት ጠብታም አልወረደች።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ኮሶው ያዘው። እንደ ሰዎቹ ሁሉ ጓሮ ተመላለሰ። ሌሎቹ እየጠወለጉም እየተቀላለዱም ዋሉ፤ እሱ ከቀትር በኋላ መቆም አቃተው። የብርጓል መደቡ ላይ አስተኛችው። ውኃ በጨው በጥብጣ አጠጣችው፤ መልሶ አወጣው። ጆሮዋን ደረቱ ላይ፣ ጣቷን አንጓው ላይ አደረገች።

«ምን ይላል?» አላት።

«ደህና ነው።»

«ዋሾ» አላት ፈገግ ብሎ። «ንገሪኝ።»

አልነገረችውም። ቸኳዮቹ መጀመሪያ አንድ አንድ ነበሩ። ኋላ አንዲት ደህና አንዲት ቸኳይ ሆኑ። እንደገና ሁለት ሁለት ተጣብቀው ይመጡ ጀመር። በጆሮዋ የምትሰማው ሁሉ ጣቷ ላይ አልደርስ አለ፤ ከቤት የሚወጣው ብዙ ነው፣ መንገድ የሚቀረውም ብዙ ነው። ከዚያ በሩ ተበረገደ። ደረቱ ባንድ ጊዜ ጋለበ፤ ጣቷ ሥር ግን ባዶ ሆነ። ግንባሩ በቀዝቃዛ ላብ ተጠመቀ፤ ፊቱ አመድ ሆነ፤ ዓይኑ ወደ ላይ ሄደ። የጤፍ ስልቻ ጎትታ እግሩን ሰቀለችለት። የምታውቀው ያንን ብቻ ነው። ሌላ የነገራት የለም።

ድንገት ቆመ። አንዲት ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ያቺ እንደ ዱላ የምትመታው። ትር፣ ትር። ጉንጩ ቀላ።

«ሄጄ ነበር?» አላት።

«ሄደህ ነበር። መጣህ።»

«ለእንዳላማው... ሌላ መሪ ይፈልግ በይው። የታችኛውን መሻገሪያ አይያዝ፤ ሞልቷል።» ስለ ዘመቻው ነበር የሚያስበው። ወይም እሷ ስለሌላው እንዳታስብ ብሎ ነው።

እንደገና በሩ ተበረገደ። ይሄኛው ግልቢያ አልቆመም። እየፈጠነ፣ እያነሰ ሄደ፤ አንዱ ምት ከሌላው አልለይ አለ፤ ኋላ ምት መሆኑም ቀርቶ ከሩቅ ቀፎ እንደሚሰማ የንብ ጉምታ ሆነ። ጆሮዋን አጥብቃ ጫነች። ጉምታውም ጠፋ። ትጠብቃለች፤ ከዝምታው ቀጥላ የምትመጣውን፣ የምታውቃትን፣ ጠንካራዋን ትጠብቃለች። ጠበቀች። አልመጣችም።

«ክብሪት! ክብሪት!» እያሉ ሰዎቹ ገቡ።

«ተዉት» አለች። ጆሮዋን አላነሣችም። «ይሄ የክብሪት አይደለም።»

በማግሥቱ ቀበሩት። ጥይት ስለሚቆጠብ አልተተኮሰለትም። እንዳላማው ከመቃብሩ ራስጌ ቆሞ፣ «አበረ ንጹሕ ሰው ነበር። ዓይናችን እያየ እስከ አተላው ጠጣ። ስሙን በክፉ የሚያነሣ ካለ ከኔ ጋር ነው» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ወንድሙን ነው የቀበረው። የብርጓል የታችኛውን መሻገሪያ እንዳይዝ ነገረችው። ሰማትና ሌላ መንገድ ይዞ ወረደ። ከሰዎቹ ብዙዎቹ በሕይወት የተመለሱት በዚያ ነው ይባላል።

የብርጓል ወደ ዲማ አልተመለሰችም። ዘመዶቿ በቅሎ ልከውላት ነበር፤ «አማቴን ለማን ጥዬ?» ብላ መለሰቻቸው። እርሻውን በእኩል ሰጠች፤ ጥጥ ፈተለች፤ ከሰው ብዙ አትጫወትም ነበር። ሰው ታሞ ሲጠሯት ግን ትሄዳለች፤ አንጓውን ይዛ ትቆያለች፤ ምን እንዳገኘች ለማንም አትናገርም። ጣሊያን ሲወጣ ሰው ሁሉ እልል ሲል እሷ ማጭድ እየሳለች ነበር።

እማማ ወለተ ኪዳን ልጃቸውን ከቀበሩ በኋላ ዓይናቸው ደከመ። ፀሐይ ላይ ታስቀምጣቸዋለች፤ እሷም አጠገባቸው እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች። ኮሶ መውቀጡን አልተዉትም ነበር፤ ሰው እየመጣ ይለምናቸዋል፤ ብዙውን ሰው ያድነዋልም። አንድ ቀን፣ ጥቅምት ነበር፣ የደረቀውን አበባ በጣታቸው እየፈረፈሩ እንዲህ አሉ፦

«የብርጓል።»

«አቤት እማማ።»

«ልጄን ትሉ ልቡን በልቶት ነው የሞተ። ዘግይቼበት ነው። ያን ክረምት የሰጠሁት አልሠራም ነበር፤ አውቄዋለሁ፤ ዶሮዋንም አላመንኳትም ነበር። ዳግመኛ ባጠጣው ኖሮ፣ አንድ ወር እንኳ ቀደም ብዬ ባጠጣው ኖሮ... በዚህች እጄ ይድን ነበር አይደል?»

እጃቸውን ዘረጉ። መዳፉ ከመውቀጥ ብዛት የጠነከረ፣ የኮሶው ቅላት የማይለቀው እጅ ነው። የብርጓል እንዝርቷን አቆመች። እውነቱ አፏ ድረስ መጣ። ይህን ያህል ዘመን ብቻዋን ይዛዋለች፤ አንድ ሰው ቢካፈላት ቀኗ ይቀልላት ነበር። የሚካፈሏትም በዓለም ላይ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አዎ እማማ» አለቻቸው። «በዚህች እጅዎ ይድኑ ነበር።»